አረሙ መስመር ሠርቶ ቀረ፦ የ12 ሜትር ቡምና የኖዝሎቹ ርቀት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የምጽፈው ከባሌ፣ ከሲናና ነው። ስድስት ሆነን ትራክተር ላይ የሚጫን፣ ያገለገለ የ12 ሜትር ቡም (ኖዝሎች የተደረደሩበት የመርጫ ክንፍ) ገዝተን ኩታ ገጠም ስንዴ ላይ በኪራይ እንረጫለን። ታንከሩ 600 ሊትር ይይዛል፤ ኖዝሉ፣ ማለትም የመርጫ አፉ፣ 24 ነው። አምና አንዱ ክንፍ ዛፍ መትቶ ተሰበረና ከተማ ወስደን አስበየድነው። ዘንድሮ ፀረ-አረም ረጭተን ሲናሩ መስመር ሠርቶ ቀረ። ልጆቹ በሜትር ለክተውታል። ሁለት መስመሮች 6 ሜትር ግድም ተራርቀው ይታያሉ። ከዚያ 18 ሜትር ያህል ንጹሕ ነው። ከዚያ እንደገና ሁለት መስመር። ማሳው ጫፍ ላይ ደግሞ ስንዴው ቢጫ ሆኗል። ገበሬዎቹ ክፍያችንን ይዘውብናል። አንዱ ‹ግፊቱን ጨምሩ› ይለናል። ሌላው ‹ኖዝሎቹን በ75 ሴንቲ አራርቁ፣ ቁጥራቸውም ይቀንስላችኋል› ይለናል። ለመሆኑ ትክክለኛው ርቀት ስንት ነው? ፎቶ ልኬልሃለሁ።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልጆቹን አመስግንልኝ። ብዙ ሰው «አረሙ አልሞተም» ብሎ ብቻ ይጽፍልኛል። የት የት እንዳልሞተ ግን አይነግረኝም። እናንተ ሜትር ይዛችሁ ማሳ ስለገባችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችሁልኛል። ርቀቱ 50 ሴንቲ ነው። ግን እሱን ብቻ ነግሬህ ብሄድ ችግርህ አይፈታም፤ ምክንያቱም ማሽንህ ላይ ሦስት ነገር አንድ ላይ ነው የተበላሸው።

ከመስመሮቹ ልጀምር። ቡም ጥፋቱን መሬት ላይ ጽፎ ነው የሚሄደው፤ ማንበብ ብቻ ነው። ትራክተሩ ወደ ሰሜን ሲሄድ ግራ ክንፉ በምዕራብ በኩል ነው። ዞሮ ሲመለስ ደግሞ ግራ ክንፉ በምሥራቅ ይሆናል። ስለዚህ በምልልስ ሲረጭ ግራ ክንፍ የሚዋሰነው ከግራ ክንፍ ጋር ነው፤ ቀኝም ከቀኝ ጋር። አንድ ክንፍ ላይ፣ ከጫፉ 3 ሜትር ገባ ብሎ ጉድለት ካለ፣ ሲሄድ ከድንበሩ ወዲህ 3 ሜትር፣ ሲመለስ ከድንበሩ ወዲያ 3 ሜትር ላይ መስመር ይተዋል። ድምሩ 6 ሜትር ነው። ሁለት ምልልስ 24 ሜትር ስለሆነ ቀሪው 18 ሜትር ንጹሕ ይሆናል። ልጆቹ የለኩት ቁልጭ አድርጎ ይሄንን ነው።

አሁን ቡሙ ላይ ቁጠር። ኖዝሎቹ በ50 ሴንቲ ከታሰሩ ከጫፍ 3 ሜትር የሚወድቀው በ6ኛውና በ7ኛው ኖዝል መካከል ነው። ፎቶህ ላይ እዚያ ቦታ ምን አለ? ማጠፊያው። ማጠፊያው ላይ ምን አለ? የበያጁ ሥራ። ሰውዬው ሁለቱን ብረት ሲያገናኝ ላሜራ ጨምሮ ክንፉን አስረዝሞታል። ከጎረቤቶቹ ጋር ሳስተያየው በሁለቱ ኖዝሎች መካከል ያለው ክፍተት 70 ሴንቲ ይመስለኛል። በያጁን አትውቀሰው። እሱ የተነገረው ብረቱን እንዲያጠነክር ነው፤ አጠንክሮታል።

ጥፋቱ በሁለቱም ክንፍ ቢሆን ኖሮ መስመሩ በየ6 ሜትሩ ይመጣ ነበር። በየ50 ሴንቲው ቢሆን ቡሙ በሙሉ ዝቅ ብሏል ወይም ግፊቱ ደክሞ ውሃው አልተዘረጋም ማለት ነው። በየ12 ሜትሩ አንድ መስመር ቢሆን ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፤ ምልልሱን አራርቆታል። ትራክተሩ የሄደበትን አቅጣጫ የሚያቋርጥ፣ እንደ ማዕበል የሚመጣ ነገር ካየህ ደግሞ ክንፉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ ነው። አንድ ኖዝል ቢደፈንም የአንተኑ ዓይነት ጥንድ መስመር ይሠራል። ስለዚህ ቺያቬ (መፍቻ) ከማንሳትህ በፊት 6ኛውና 7ኛው ኖዝል በደንብ መርጨታቸውን እይ።

50 ሴንቲ ከየት መጣ ካልከኝ፣ ነገሩ የኖዝሉ አረጫጨት ነው። ለስንዴ የምንጠቀምበት ኖዝል ውሃውን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ነው የሚረጨው። መሀሉ ላይ ብዙ ይወርዳል፣ ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል። ብቻውን ቢሆን ዳሩ ላይ ያለ አረም በቂ አይደርሰውም። ጎረቤቱ ደግሞ የራሱን ስስ ዳር እላዩ ላይ ሲያመጣ፣ ስስና ስስ ተደምሮ ከመሀሉ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ መደራረቡን እንደ ብክነት አትየው። ኖዝሉ የተሠራው ተደራርቦ እንዲሠራ ነው። ጥሩው መደራረብ የአንዱ ኖዝል ዳር ጎረቤቱ ኖዝል ሥር ሲደርስ ነው። በ50 ሴንቲ ርቀት ይህ ማለት እያንዳንዱ ኖዝል ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት መሸፈን አለበት።

ስፋቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የኖዝሉ ዲግሪ (ውሃው የሚከፈትበት ማዕዘን) እና የቡሙ ከፍታ። የ110 ዲግሪ ኖዝል በ50 ሴንቲ ከፍታ ላይ በስሌት 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ይሸፍናል። የ80 ዲግሪው በዚያው ከፍታ 84 ሴንቲ ብቻ ነው። ወደ 75 ሴንቲ ከፍ ብታደርገው ግን 1 ሜትር ከ26 ይደርሳል። በተግባር ጠብታው ወደ ታች ስለሚታጠፍ ሁሉም ከዚህ ትንሽ ይጠባሉ። ለዚህ ነው የ110 ኖዝል 50 ሴንቲ ከፍታ ላይ፣ የ80 ኖዝል 75 ሴንቲ ከፍታ ላይ ይሁን የሚባለው። ከፍታው የሚለካው ደግሞ ከመሬት አይደለም። ልትመታው ከፈለግከው ነገር አናት ነው። አረሙ ከስንዴው በላይ ከሆነ ከአረሙ አናት፣ ስንዴው ከበለጠ ከስንዴው አናት። ስንዴው በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት እንደሚያድግ ታውቀዋለህ። ቡሙ ግን አብሮት አያድግም። ለፀረ-አረም ያስተካከልከውን ከፍታ ይዘህ ለፀረ-ዋግ (ለዋግ በሽታ መድኃኒት) ከገባህ ቡሙን ሰብሉ ላይ እየጎተትከው ነው።

አሁን ወደ ፎቶህና ወደ ሁለተኛው ጥፋት። አጉልቼ ሳየው አዲሶቹ ኖዝሎች ላይ 8003 የሚል ተጽፏል። የፊተኞቹ አኃዞች ዲግሪውን ይነግሩሃል፤ 80። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መጠኑን ይነግሩሃል፤ 03። ቀለሙም ሰማያዊ ነው፤ በዓለም አቀፉ ደረጃ 03 ሰማያዊ ስለሆነ ልክ ነው። ቡሙ ግን ከስንዴው በላይ አንድ ክንድ ብቻ ነው ያለው፤ 45 ሴንቲ ቢሆን ነው። የ80 ዲግሪ ኖዝል በ45 ሴንቲ ላይ 75 ሴንቲ ስፋት ብቻ ይሸፍናል። ኖዝሎቹ በ50 በታሰሩበት ቦታ ይህ እንደምንም ያልፋል። ጥሩ አይደለም፣ ግን አረሙን ገድሎታል። 70 በሆነበት በማጠፊያው ቦታ ግን የሁለቱ ስስ ዳሮች ይነካኩና ያበቃሉ። ሲናሩ እዚያ ተመችቶት ኖሯል። የ110 ዲግሪ ኖዝል ቢሆን የ70 ሴንቲውን ስህተት እንኳ በከፊል ይደብቅልህ ነበር።

ሦስተኛው ነገር። ከሰማያዊዎቹ መሀል ሁለት ቀይ ኖዝሎች አሉ። ቀይ 04 ነው። በ3 ባር ግፊት ሰማያዊው በደቂቃ 1.2 ሊትር፣ ቀዩ 1.6 ሊትር ነው የሚያወጣው። ስለዚህ ከሁለቱ ቀዮች ሥር ያለው ስንዴ ከሌላው አንድ ሦስተኛ የበለጠ መድኃኒት ይጠጣል። ገበያ ላይ የተገኘውን እየሰኩ መሄድ አገራችን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ይገባኛል፣ የሚፈለገው አይገኝም። ግን አንድ ቡም ላይ የተለያየ ኖዝል ከመስቀል ሁሉም አሮጌ ሆነው አንድ ዓይነት ቢሆኑ እመርጣለሁ።

እኔም ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ሰፊ እርሻ ላይ ለስንዴ አዲስ ኖዝል ገጠምን። ቁጥሩ 8003 ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። በማሰሮ ለካን፤ እኩል። ከፍታው 75። ደስ ብሎን ረጨን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሳው በየ50 ሴንቲው ተላጭቷል። ለካስ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኢ» የምትል አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ነበረች። ያቺ ፊደል ያለባት ኖዝል ለበቆሎ መስመር ብቻ የሚረጭ ናት። ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው የምታወርደው፤ ዳሯ አይሳሳም። ስትደራረብ ታዲያ የተደራረበበት እጥፍ ይሆናል። እኔ ፊደሏን አይቻት ነበር፤ የፋብሪካው ስም ናት ብዬ ነው ያለፍኳት። ኖዝል ስትገዛ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ያሉትን ፊደሎችም ባለ ሱቁን ጠይቅ።

«በ75 አራርቁ» ላለህ ሰውዬ እንዲህ በለው። የ80 ኖዝል በ75 ርቀት ላይ ተገቢውን መደራረብ እንዲያገኝ ቡሙ ከሰብሉ በላይ ወደ 1 ሜትር ያህል መውጣት አለበት። በሲናና ሜዳ፣ በዚያ ንፋስ። ደግሞ ኖዝሎቹ ከ24 ወደ 16 ሲወርዱ ለሄክታር ያንኑ ውሃ ለማድረስ እያንዳንዱ አንድ ተኩል እጥፍ ማውጣት አለበት። ከ1.2 ወደ 1.8 ሊትር ማለት ነው። ስለዚህ ኖዝሎቹን በሙሉ መቀየርህ አይቀርም። የቱ ላይ ነው ቁጠባው?

«ግፊቱን ጨምሩ» ያለው ደግሞ የብዙ ሰው ምክር ነው። ግፊት ግን እንደሚመስለው አይሠራም። የሚወጣውን ውሃ እጥፍ ለማድረግ ግፊቱን አራት እጥፍ ማድረግ ይኖርብሃል። ከ3 ወደ 4 ባር ብትወስደው የምታገኘው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በምትኩ ጠብታው ደቅቆ ጭጋግ ይሆንና ንፋሱ ይዞት ጎረቤት ይገባል። የ70 ሴንቲውን ክፍተት ደግሞ ግፊት አይሞላውም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ቡሙን ሜዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ዘርጋ፣ ማጠፊያዎቹን ቆልፍ። የብረት ሜትር ያዝ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ከኖዝል ኖዝል እየለኩ ይሄዳሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ 1 ሴንቲ ቢሳሳቱ ጫፍ ሲደርሱ 10 ሴንቲ ይሆናል። አንተ ከመሀል ለካ። የቡሙን መሀል በኖራ ምልክት አድርግበትና ሜትሩን እዚያ አስይዘህ ወደ ጫፍ ዘርጋው። የመጀመሪያው ኖዝል 25 ሴንቲ ላይ፣ ሁለተኛው 75፣ ሦስተኛው 125፣ እንዲህ እያልክ 12ኛው 575 ላይ። ወደ ሌላውም ክንፍ ያው። የሚለካው ከማሰሪያው ሳይሆን ከኖዝሉ ቀዳዳ ነው።

የአንተ ቡም ኖዝሎቹ በማሰሪያ የተያዙና በጎማ ቱቦ የሚገናኙ ስለሆነ እድለኛ ነህ። ክንፉን መልሶ መቁረጥ አያስፈልግም። ከማጠፊያው ወዲያ ያሉትን 6 ኖዝሎች ማሰሪያቸውን አላልተህ 20 ሴንቲ ወደ ውስጥ ግፋቸው። ጫፉ ላይ ባዶ ብረት ይተርፋል፤ ይትረፍ። ቱቦው ማጠፊያው ጋ ሲታጠፍ እንዳይቆለመም ብቻ ተጠንቀቅ። (ውሃው በራሱ በብረት ቧንቧ ውስጥ የሚሄድና ኖዝሉ ቧንቧው ላይ የተበሳ ዓይነት ቢሆን ይሄ አይቻልም ነበር። ያለው ሰው ወደ በያጁ መመለሱ ነው።)

ርቀቱ ካለቀ በኋላ ኖዝሎቹን ትንሽ አዙራቸው። ማራገቢያው ከቡሙ ጋር ልክ በአንድ መስመር ከሆነ የጎረቤታሞቹ ውሃ አየር ላይ ይጋጫል። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ 10 ዲግሪ ያህል ጠምዝዛቸው። አንዳንዱ የኖዝል ክዳን ይህን በራሱ ያደርገዋል፤ ስትቆልፈው ዘወር ብሎ ይቀመጣል። የአንተ ካላደረገው በእጅህ አስተካክለው። አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ እንዳይሆን።

ከዚያ ከፍታው። ለአሁኑ ያሉህን የ80 ኖዝሎች ይዘህ ቡሙን 75 ሴንቲ ላይ አውጣው። ዘላቂው ግን 24 የ110 ዲግሪ ኖዝሎች መግዛት ነው፤ 11003 የሚል ያለባቸው። ምክንያቱ ንፋሱ ብቻ አይደለም። የታረሰ መሬት ላይ ቡም ይዘላል። የ110ሩ ከ50 ወደ 35 ሴንቲ ቢወርድ እንኳ በስሌት 1 ሜትር ይሸፍናል። የ80ው ከ75 ወደ 50 ሲወርድ ግን 84 ላይ ነው። ላንተ መሬት ይቅር ባዩ 110 ነው። ቡሙ ራሱ መዝለሉን ለመቀነስ የትራክተሩን የሁለቱን የኋላ ጎማ ንፋስ እኩል አድርግ፤ አንዱ ጎማ ከለሰለሰ አንዱ ክንፍ ይወድቃል። ሁለቱን ክንፎች ጫፍ ላይ ቆመህ ለካ፤ እኩል ካልሆኑ ማሰሪያ ሰንሰለቱን አስተካክል።

አሁን ማሰሮ አምጣ። ታንከሩን በንጹሕ ውሃ ሙላ፣ መድኃኒት የለም። ትራክተሩን ቆሞ ሳለ፣ ስትረጭ በምትጠቀምበት የሞተር ዙር አስነሳው፤ ፒቲኦው (ፓምፑን የሚያዞረው የትራክተሩ የኋላ ዘንግ) በደቂቃ 540 ጊዜ እንዲዞር። ግፊቱን 3 ባር ላይ አድርግ። መስመር የተሰመረበት የፕላስቲክ ማሰሮ በእያንዳንዱ ኖዝል ሥር ለ1 ደቂቃ ያዝ፣ ጻፈው። 24ቱንም። አዎ፣ ያሰለቻል። በወጣው ቁጥር አማካዩን አስላና ከአማካዩ ከ5 በመቶ በላይ ያፈነገጠውን አውጣ። ያነሰው ቆሽሾ ይሆናል፤ አጽዳና እንደገና ለካ። የበለጠው ግን አልቋል፤ ማጽዳት አይመልሰውም። አማካዩ ራሱ ከአዲስ ኖዝል መጠን በ10 በመቶ ከበለጠ፣ ማለትም ከ1.2 አልፎ 1.32 ከደረሰ፣ ሙሉውን ስብስብ ቀይር። ከጌጁ (ከግፊት መለኪያው) ይልቅ ማሰሮውን እመን። ያገለገለ ማሽን ላይ ያለ ጌጅ ስንት ጊዜ ቆሞ እንዳየሁ አልነግርህም። ሁሉም እኩል ሆኖ ግን 1 ሊትር ብቻ ከወጣ ጌጁ ይዋሻል ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል።

ፍጥነቱን እዚያው ማሳው ላይ ለካ፤ አስፋልት ላይ አይደለም። ታንከሩ ግማሽ ውሃ ይኑረው። 100 ሜትር በችካል ምልክት አድርግና፣ ትራክተሩ ከመጀመሪያው ችካል በፊት ፍጥነቱን ይዞ ይግባ። 50 ሰከንድ ከፈጀበት በሰዓት 7.2 ኪሎ ሜትር ነው። 60 ሰከንድ ከፈጀበት 6 ኪሎ ሜትር። ከዚያ ስሌቱ ይሄ ነው፦ የአንዱን ኖዝል የደቂቃ ሊትር በ600 አባዛ፤ ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በ0.5 አባዛ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። ያ 0.5 የኖዝሎቹ ርቀት በሜትር ነው። በ1.2 ሊትርና በ7.2 ኪሎ ሜትር፣ 720 ለ3.6 ሲካፈል 200 ሊትር ለሄክታር ይወጣል። በ6 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 240 ይሆናል። ስለዚህ 600 ሊትሩ ታንከር በመጀመሪያው 3 ሄክታር፣ በሁለተኛው 2 ሄክታር ተኩል ይረጭልሃል። መድኃኒቱን ታንከር ውስጥ የምትለካው በዚህ ነው። መለያው ለሄክታር 1 ሊትር ካለ ለሙሉ ታንከር በመጀመሪያው 3 ሊትር፣ በሁለተኛው 2 ሊትር ተኩል። ሹፌሩ ማርሽ ከቀየረ ስሌቱ ሁሉ ተቀየረ። ስለዚህ የተለካበትን ማርሽና የሞተር ዙር ታንከሩ ላይ በቀለም ጻፈው።

ደግሞ ሄክታሩ እውነተኛ ሄክታር ይሁን። ጥማድ እንደ በሬው ጉልበትና እንደ አገሩ ይለያያል። ኩታ ገጠም ላይ የአሥር ሰው ጥማድ ስትደምር ስህተቱም አብሮ ይደመራል። በሜትር ወይም በስልክ ለካው።

ምልልሱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኖዝል ብትለካ የምታገኘው 11 ሜትር ተኩል ነው። የቡሙ የሥራ ስፋት ግን 12 ነው፤ 24 በ50። በ11.5 ከተመላለስክ በየድንበሩ ግማሽ ሜትር ሁለቴ ይረጫል። ማሳው ጫፍና ጫፍ ላይ ችካል ትከል። የመጀመሪያው ከማሳው ዳር 6 ሜትር ገብቶ፣ ከዚያ በየ12 ሜትሩ። ትራክተሩ መሀሉን ችካሉ ላይ ያደርጋል። ችካል አንቀሳቃሽ ልጅ ካቆምክ ደግሞ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቁም፣ ቡሙ ሳይደርስ ወደሚቀጥለው ይሂድ።

የማሳው ጫፍ ቢጫ መሆን ቀላሉ ጥያቄህ ነው። ሹፌሩ ሳይዘጋ ነው የሚዞረው። ሲዞር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ውስጠኛው ክንፍ እንደውም ቆሟል ማለት ይቻላል፤ ውሃው ግን እየፈሰሰ ነው። በዚያ ላይ የረጨውን እንደገና ይረጨዋል። መጀመሪያ የመዞሪያውን ቦታ በሁለቱም ጫፍ ለብቻ እርጩ። ከዚያ በረጅሙ ስትመላለሱ የተረጨው ጋ ስትደርሱ ዝጉ፣ ዞራችሁ ከእሱ ስትወጡ ክፈቱ። ዘግታችሁም የሚያንጠባጥብ ኖዝል ካለ ውስጡ ያለችው ትንሽ የጎማ ክዳን አልቃለች።

ንፋስ ላይ ብዙ አልልም፤ ታውቀዋለህ። ግን እናንተ በኪራይ ስለምትረጩ የጎረቤት ማሳ የእናንተ ኃላፊነት ነው። ቱ ፎር ዲ የሚባለው ፀረ-አረም በመለያው መሠረት ከተረጨ ስንዴን አይጎዳም፤ ባቄላን፣ አተርን፣ ምስርን፣ ተልባን ግን ያጠማዝዛቸዋል። ቅጠል በቀላሉ የሚያወዛውዝ ለስለስ ያለ ንፋስ፣ ከባቄላው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነፍስ፣ ጥሩ ነው። ማለዳ ጭስ ወደ ላይ ሳይወጣ መሬት ላይ ተኝቶ የምታይበት ሰዓት ግን ጸጥታው አያታልልህ። ደቃቁ ጠብታ እንደዚያ ጭስ ተንሳፍፎ ያሻው ቦታ ይሄዳል። ጠዋት ትንሽ ጠብቁ።

ኖዝል ሲደፈን በሽቦ ወይም በመርፌ አትንካው። ቀዳዳው በአንድ ጭረት ይበላሻል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ውሃ ይበቃዋል። አፍህ ላይ አድርገህ ደግሞ እንዳትነፋ፤ ይህን ሲያደርግ ያላየሁት ኦፕሬተር ጥቂት ነው። መለዋወጫ ኖዝል በኪስ ይዘህ በጓንት ቀይረውና የተደፈነውን ማታ ታጥበዋለህ።

ለማረጋገጥ ደረቅ መሬት ወይም ኮንክሪት ላይ ንጹሕ ውሃ እየረጨህ አንዴ እለፍ። ሲደርቅ ቆመህ ተመልከት። እኩል ከደረቀ ጥሩ። መስመር እየሠራ ከደረቀ ማሳው ላይ የምታየውን ከሦስት ሳምንት በፊት አየኸው ማለት ነው።

ስለ ቀረው ሲናር። ሙሉ ማሳውን እንደገና እንዳትረጩ፤ የዳነውን ስንዴ ሁለተኛ ታስጠጡታላችሁ። መለያው ላይ ያለው የእድገት ደረጃ ካላለፈ መስመሮቹን ብቻ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ሂዱባቸው። ካለፈ በእጅ ንቀሉት፣ ዘር ሳይጥል። መስመሩ 30 ሴንቲ ያህል ከሆነ በየ24 ሜትሩ ሁለቱ ተደምረው 60 ሴንቲ ነው፤ ከማሳው 2.5 በመቶ ማለት ነው። ስድስታችሁ ብትወጡ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ገበሬዎቹም ክፍያውን የሚለቁት ይህን ሲያዩ ይመስለኛል። «2.5 በመቶ ነው» ብለህ ለመከራከር ግን አትሞክር። ሲናር የጣለውን ዘር ከርሞ እነሱ ናቸው የሚያርሙት፤ ጥቂት መድኃኒት ቀምሶ የተረፈ አረም ደግሞ መድኃኒቱን ወደ መልመድ ነው የሚሄደው።

አሁን የሚያስቸኩልህ ፀረ-ዋጉ ነው። ሲናር ባለበት ይቆማል፤ ዋግ ግን በንፋስ ይሄዳል። በ2003 ምርት ዘመን ቢጫ ዋጉ፣ በ2006 ደግሞ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የመታው የግንድ ዋግ እንዴት እንደሮጠ አባትህ ይነግሩሃል። ያልተረጨች የ30 ሴንቲ መስመር ለዋግ መነሻ ትሆናለች። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመበጥበጥህ በፊት የ24ቱን ኖዝል የማሰሮ ውጤት በወረቀት ጽፈህ ፎቶውን ላክልኝ። 6ኛውና 7ኛው ላይ ምልክት አድርግባቸው፤ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።